ኑዛዜና አቤቱታ፤ በኤድስ ዘመን ስለ ተቀዱ ድምፆች የቀረበ ሂስ

በኢትዮጵያ የሕዝብን ልማድና አነጋገር የሚመረምሩ ሊቃውንት የድምፅ ቅጂን ሲያነሡ፣ ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት የአዝማሪን ዜማ፣ የሽማግሌን ተረት ወይም የአልቃሽን ሙሾ ነው። ከእነዚህ በኋላ የመጣ፣ በክብደቱም ከእነርሱ የማያንስ ሌላ የቅጂ ዓይነት ግን እንደ ሕዝብ ቃል ተቈጥሮ የሚገባውን ያህል አልተመረመረም። ይኸውም በኤድስ ወረርሽኝ ዘመን ሰዎች ስለ በሽታው፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ወላጅ አልባ ልጆች ውርስና ስለ ሴቶች ፍትሕ በራዲዮ፣ በስብሰባና በማኅበር ቤት የተናገሩት ቃል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የቅጂውን ብዛት መቍጠር አይደለም። ተናጋሪው በምን ዓይነት የንግግር ሥርዓት እንዲናገር ተደረገ፣ በዚያስ ምክንያት ምን ተቀዳ፣ ምንስ ሳይቀዳ ቀረ የሚለውን መመርመር ነው። ለመለኪያ የተመረጠችውም ዋና ከተማዋ አዲስ አበባ ሳትሆን፣ በኢሉባቦር ከጎሬ ወደ ጋምቤላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ቡሬ ናት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

፩. የቅጂው ዘመናት

ቫይረሱ በኢትዮጵያ መኖሩ የተረጋገጠው በ1984 ዓ.ም. ከተወሰደ ደም ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡት በ1986 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ ሕዝቡ በሽታውን «አመንምን» ይለው ነበር፤ ስሙም በሽታው በሰውነት ላይ ከሚያሳየው ምልክት የተወሰደ እንጂ ከሐኪም የመጣ አልነበረም። የመንግሥትና የጤና ሠራተኞች ትምህርት በአብዛኛው ማስፈራሪያ ነበር፤ ታማሚው የሚጠቀሰው ለምሳሌነት እንጂ ራሱ ለመናገር አልነበረም።

ሁለተኛው ዘመን የሚጀምረው ታማሚዎቹ ራሳቸው ማኅበር ባቋቋሙ ጊዜ ነው። መቅድም ኢትዮጵያ በ1997፣ ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ በ1998 ተመሠረቱ፤ ብሔራዊው የኤች አይ ቪ ኤድስ ፖሊሲ የወጣውም በዚያው በ1998 ዓ.ም. ነው። በልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የተቋቋሙትን ማኅበራት የሚያስተባብረው፣ ኔፕ ፕላስ በመባል የሚታወቀው የጥምረቶች ጥምረት በ2004 ዓ.ም. ተከተለ። በእነዚህ ዓመታት አንድ ሰው በሕዝብ ፊት ቆሞ «ቫይረሱ በደሜ ውስጥ አለ» ማለቱ ብቻ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ከአነጋገርም አንጻር «የኤድስ በሽተኛ» የሚለው ቃል ቀስ በቀስ «ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖር» በሚለው ተተካ።

ሦስተኛው ዘመን የመድኃኒቱ ዘመን ነው። በ2003 ዓ.ም. መድኃኒቱ በክፍያ መሰጠት ጀመረ፤ በጥር 2005 ደግሞ ያለ ክፍያ እንዲታደል ሆነ። እንግዲህ ሦስቱን ዘመናት በአጭሩ ለመለየት፣ የመጀመሪያው ስለ ታማሚው የተነገረበት፣ ሁለተኛው ታማሚው ራሱ የተናገረበት፣ ሦስተኛው ደግሞ ተናጋሪው ተናግሮ በሕይወት የቀረበት ነው ማለት ይቻላል። የቅጂዎቹ ዋና ችግር የሚነሣው ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው በተደረገው መሸጋገር ላይ ነው።

፪. ሁለቱ የንግግር ሥርዓቶች

በአማርኛ «ኑዛዜ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛው ሰው በነፍስ አባቱ ፊት ኃጢአቱን የሚናገርበት ሥርዓት ነው፤ ሁለተኛው ሊሞት የተቃረበ ሰው ስለ ሀብቱና ስለ ልጆቹ የመጨረሻ ፈቃዱን የሚያስታውቅበት ቃል ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ በሁለቱም ተናጋሪው ያለፈ ሕይወቱን ይዘጋል፣ ሰሚው ደግሞ አደራ ይቀበላል። ሰሚው ከተናዛዡ የሚጠየቀው ነገር ቢኖር ቃሉን መጠበቅ እንጂ ለተናዛዡ ሌላ ሕይወት መስጠት አይደለም።

«አቤቱታ» ግን የተለየ ነው። ቃሉ «አቤት» ከሚለው ጩኸት ይወጣል፤ የሚቀርበውም ለዳኛ፣ ለሹም ወይም ለንጉሥ ነው። አቤት ባይ የበደለውን ሰው ይጠራል፣ የደረሰበትን ጕዳት ያስረዳል፣ ምስክር ያቆማል፣ በመጨረሻም የሚፈልገውን ለይቶ ይጠይቃል። አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው ከፍርዱ በኋላ ሊኖር የሚያስብ ሰው ነው። በቡሬ ዙሪያ ባለው የኦሮምኛ ንግግርም ይህን የሚመስል ልዩነት አለ። ሰው ለሚቀሩት የሚተወው አደራና መልእክት «ዻምሳ» ሲባል፣ ለሹም የሚቀርበው አቤቱታ «ኢያታ» ይባላል፤ ይህም «ኢያ» ከተባለው፣ ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ እንዲወጣ ከሚያስገድደው የድረሱልኝ ጩኸት የመጣ ቃል ነው።

በሁለተኛው ዘመን የተሠሩት የምስክርነት ቅጂዎች የተለመደ ቅደም ተከተል ነበራቸው። ተናጋሪው በመጀመሪያ ቀድሞ ምን እንደ ነበረ ይናገራል፤ ቀጥሎ እንዴት እንደ ተሳሳተ፣ ከዚያም እንዴት እንደ ተመረመረ፣ ጎረቤትና ዘመድ ምን እንዳደረሱበት፣ በመጨረሻም ሌሎች ከእርሱ እንዲማሩ ይመክራል። ይህ ቅደም ተከተል የኑዛዜ ነው። ሆኖም በመካከሉ የሚገኘው ክፍል የኑዛዜ አይደለም። አከራይ ከቤት ማስወጣቱ፣ አሠሪ ከሥራ ማሰናበቱ፣ የባል ዘመዶች ለሟች ሚስትና ልጆች የሚገባውን ንብረት መያዛቸው፣ እነዚህ ሁሉ በየትኛውም ፍርድ ቤት አቤቱታ የሚባሉ ነገሮች ናቸው። ነገር ግን በቅጂው ውስጥ በዳዩ አይጠራም፣ ዳኛው አይታወቅም፣ ጥያቄውም አይቀርብም። በደሉ እንደ በሽታው አንድ ምልክት ሆኖ ይሰማል፤ አድማጩም አዝኖ ያልፋል።

ይህ የሆነው በተናጋሪዎቹ ድካም አይደለም። ገንዘቡን የሰጡትና ፕሮግራሙን ያዘጋጁት ድርጅቶች የፈለጉት መከላከያ ትምህርት ነበር፤ ስለዚህ ጠያቂው «እንዴት ያዘዎት?» ብሎ ይጀምራል፣ «ለወጣቱ ምን ይመክራሉ?» ብሎ ይጨርሳል። የጠያቂው ድምፅ ተቈርጦ ሲወጣ ደግሞ፣ የቀረው መልስ ተናጋሪው በራሱ ፈቃድ የደረደረው ንግግር ይመስላል። ለዚህም ነው የሕዝብ ቃል መርማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ያልተቈረጠውን ቅጂ መጠየቅ ያለበት።

ለፍትሕ ሲባል ግን ይህም ሊነገር ይገባል፤ መድኃኒት ባልነበረበት ጊዜ ኑዛዜው ከንቱ አልነበረም። በሕዝብ ፊት የራሱን ስም የጠራ ሰው ለብዙዎች ምክንያት ሆኗል፤ በሽታው የሌላ ሰው ነገር ነው የሚለውን ሐሳብም አፍርሷል። ትችቱ ኑዛዜ መኖሩ ላይ አይደለም፤ ሌላው የንግግር ሥርዓት ቦታ በማጣቱ ላይ ነው።

፫. ተውኔቱ፣ ደብዳቤውና «ቤተኛ»

በብዛት ተሠራጭተው ብዙ አድማጭ ካገኙት ሥራዎች መካከል፣ ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር ያዘጋጃቸው ሁለት ተከታታይ የራዲዮ ድራማዎች ይገኛሉ። በአማርኛ የቀረበው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍሎች፣ በኦሮምኛ የቀረበው «ዺምቢባ» 140 ክፍሎች ነበሩት፤ ሁለቱም ከ2002 እስከ 2004 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ራዲዮ ተላልፈዋል። የአሠራሩ ሥልት የሜክሲኮው የቴሌቪዥን አዘጋጅ ሚጌል ሳቢዶ በ1970ዎቹ ያዳበረው ነው። በዚህ ሥልት አንዱ ገጸ ባሕርይ የመልካም፣ ሌላው የክፉ ምሳሌ ይሆናል፤ ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ሲዋልል ቆይቶ ቀስ በቀስ ወደ ቀናው መንገድ ይመለሳል። አድማጩ ከሦስተኛው ጋር እንዲጓዝ ይጠበቃል።

ሥልቱ ለትምህርት የተመቸ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን እንደ ዘመን ምስክርነት ሲመዘን አንድ ጕድለት አለው፤ ክፉ ዕድል ሁሉ ከባሕርይ እንዲመነጭ ያደርጋል። ሰው የሚድነው ጠባዩን በመለወጡ፣ የሚጠፋውም ባለመለወጡ ነው። ባሏ በሽታውን ያመጣባት ታማኝ ሚስት፣ ለቡና ለቀማ ከሩቅ መጥቶ ወራት በባዕድ ከተማ የሚያድር ሠራተኛ፣ በችግር ምክንያት ጠላ ቤት የገባች ልጅ፣ የእነዚህ ሰዎች ጕዳይ በጠባይ ብቻ የሚፈታ አይደለም። ስለዚህ የድራማው ቅጂ የዘመኑን ምክር ለማወቅ ብዙ ይረዳል፤ የዘመኑን ክርክር ለማወቅ ግን ጥቂት ነው።

ለዚህ ክርክር የሚቀርበው ምንጭ ድራማው ሳይሆን ለድራማው የተጻፈው መልስ ነው። አዘጋጁ ድርጅት ከ15,000 በላይ ደብዳቤዎች ከአድማጮች እንደ ደረሱት አስታውቋል። ደብዳቤ ጸሐፊው ጠያቂ የለበትም፤ ጉዳዩን በራሱ ቅደም ተከተል ያቀርባል፣ ለማን እንደሚጽፍም ያውቃል። በኢትዮጵያ ማመልከቻ መጻፍ ከራዲዮ በፊት የነበረ፣ በየፍርድ ቤቱ ደጅ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆኖ የሚተዳደር ሰው ያለበት የቆየ ልማድ ነው። ስለዚህ ደብዳቤዎቹ ከድምፁ ቅጂ ጋር በአንድነት ካልተጠበቁና ካልተነበቡ፣ ቅጂው ጥሪውን ይዞ መልሱን ያጣ ነገር ይሆናል።

ከኑዛዜው ሥርዓት በጣም የራቀው «ቤተኛ» የተባለው የራዲዮ ማስታወሻ ነው። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ የቀረበው ይህ ፕሮግራም ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች የዕለት ኑሯቸውን በየጊዜው እየተመለሱ የሚናገሩበት ነበር። ልዩነቱ በመመለሱ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚናገር ሰው ሕይወቱን ሁሉ በአንድ ትምህርት ይዘጋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ የሚናገር ግን መዝጋት አይችልም። ስለ መድኃኒቱ ሰዓት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጁ ትምህርት ቤት፣ ሊያገባ ስላሰበው ሰው ይናገራል። ስሙም ራሱ የሚናገረው አለው፤ ቤተኛ ማለት በቤት ውስጥ እንደ ባዕድ የማይታይ ማለት ነውና፣ ተናጋሪው ከነውሩ ተመልሶ ይቅርታ የሚለምን ሳይሆን ቦታው ቀድሞም በቤት ውስጥ መሆኑን ያስታውቃል። በዚህ ዘመን ከተሠሩት ቅጂዎች ሁሉ ለአቤቱታ የቀረበው ይህ ነው፤ ምንም እንኳ እርሱም ዳኛውን ባይጠራ።

፬. የሌላው ዓለም ምሳሌ

በኒውዮርክ በመጋቢት 1987 የተቋቋመው አክት አፕ የተባለው ማኅበር ከመነሻው ዳኛውን የሚጠራ ነበር። በዚያው ወር በ24ኛው ቀን ዎል ስትሪት በተባለው የገንዘብ ሰፈር የመድኃኒት ዋጋ መወደድን በመቃወም ሰልፍ ወጣ፤ በጥቅምት 1988 ደግሞ መድኃኒት ወደሚፈቅደው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዶ ተሰለፈ። ሰልፈኞቹ ካሜራ ስለ ነበራቸው ሥራቸውን ራሳቸው ቀዱ፤ ከዚህ የተገኘው ክምችት በኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። በኋላም ሣራ ሹልማንና ጂም ሀባርድ በሕይወት ከቀሩት አባላት 187 ቃለ መጠይቆችን ሰብስበዋል። በደቡብ አፍሪቃ በታኅሣሥ 1998 የተመሠረተው ትሪትመንት አክሽን ካምፔይንም ጉዳዩን እስከ ሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት አድርሶ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈውን በሽታ የሚከላከለው መድኃኒት በመንግሥት ሐኪም ቤቶች እንዲሰጥ በሐምሌ 2002 አስፈርዷል። በዩጋንዳ ግን በ1989 መታመሙን ለሕዝብ ያስታወቀው ዘፋኝ ፊሊ ሉታያ ከኑዛዜው ወገን የሚቈጠር ነው፤ በዚያው ዓመት እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ እየዞረ ያስተማረው እንደ ተናዛዥ ነበር።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት የውጭው የተሻለ ነው የሚል አይደለም። የኒውዮርኩ ቅጂ የአንድ ትልቅ ከተማ ቅጂ ነው፤ ቃለ መጠይቁም ከሞት ያመለጡትን ብቻ ያናገረ ስለሆነ የራሱ ጕድለት አለው። የሚጠቅመው ትምህርት ይህ ነው፤ ቅጂው የአቤቱታ መልክ የያዘው መቅጃው በባለጉዳዩ እጅ በነበረበት ቦታ ነው። የኢትዮጵያ ማኅበራትም ጥያቄ ነበራቸው፤ መድኃኒቱ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያደረገው ሒደት ሲታወስ ድምፃቸው ሊረሳ አይገባም። ነገር ግን መቅጃው በአብዛኛው በአስተማሪው እጅ ነበር።

፭. ቡሬ እንደ መለኪያ

ቡሬ ሲባል ብዙ አንባቢ ቀድሞ የሚያስታውሰው የጎጃሙን ቡሬ ነው። ይህ ለመዝገብ ሠራተኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ በአንድ ካሴት ላይ «ቡሬ» ተብሎ ብቻ ቢጻፍ፣ ቃሉ የትኛው ሕዝብ የትኛውን ቋንቋ እየሰማ የተናገረው እንደ ሆነ ሊታወቅ አይችልም። የኢሉባቦሩ ቡሬ በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የጎሬን ቡና በበቅሎ ወደ ጋምቤላ፣ ከዚያም በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን በሚያወርደው የንግድ መንገድ ላይ የነበረ ማረፊያ ነው። ዛሬም የደጋው ቡና አገርና የጋምቤላ ቆላ የሚገናኙበት መንገድ በዚያው ያልፋል። በከተማው ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ከ1984ቱ ረኃብ በኋላ ከወሎና ከትግራይ ወደ ኢሉባቦር የሰፈሩት ሰዎችም የራሳቸውን አነጋገር ወደ አካባቢው አምጥተዋል።

በ2005 ዓ.ም. የተደረገው የኢትዮጵያ የሕዝብና የጤና ጥናት በአገሪቱ ካሉት አዋቂዎች 1.4 ከመቶው፣ በከተማ 5.5 ከመቶው፣ በገጠር ደግሞ 0.7 ከመቶው ቫይረሱ እንዳለባቸው ሲያሳይ፣ በጋምቤላ ቍጥሩ 6.0 ከመቶ ደርሶ ነበር። ቡሬ በእነዚህ ቍጥሮች መካከል የቆመ ስፍራ ነው። የመንገድ ከተማ ስለሆነ ከተማ ነው፤ ነዋሪው በቡናና በእርሻ ስለሚተዳደር ገጠር ነው። እንደዚህ ያለ ስፍራ ወረርሽኙን እንዴት እንዳሳለፈ ከቍጥር ሊታወቅ አይችልም፤ ከነዋሪው ቃል ብቻ ይታወቃል።

የዚህን ቃል መቀዳት የሚያስቸግሩ ሦስት ነገሮች ነበሩ። የመጀመሪያው የስም መደበቅ ጕዳይ ነው። በአዲስ አበባ ስሙን ሸሽጎ በራዲዮ የሚናገር ሰው በሕዝቡ ብዛት ይከለላል። በትንሽ ከተማ ግን ድምፅ ራሱ ስም ነው፤ የጎረቤቱን ሳል በጨለማ የሚለይ ሰው ድምፁን በራዲዮ ሲሰማ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ስም አያስፈልገውም። ስለዚህ የትናንሽ ከተሞች ዝምታ የሚነገር ነገር ባለመኖሩ የመጣ ነው ተብሎ መተርጐም የለበትም።

ሁለተኛው የቋንቋ ጕዳይ ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በኦሮሚያ የፍርድ ቤትና የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ኦሮምኛ ሆኗል። እንግዲህ በቡሬ ንብረቷ የተያዘባት ሴት አቤቱታዋን የምታቀርበው በኦሮምኛ ሲሆን፣ በአገር አቀፍ ራዲዮ ይሰማ የነበረው ምስክርነት በብዛት በአማርኛ ነበር። ኑዛዜው በአንድ ቋንቋ፣ አቤቱታው በሌላ ቋንቋ ሲቀርብ፣ አንዱን ብቻ የሰበሰበ ቤተ መዛግብት የሰውዬዋን ግማሽ ቃል ይዟል ማለት ነው። በአንድ ቤት ውስጥ እናት «ዺምቢባ»ን፣ የተማረች ልጅ «የቀን ቅኝት»ን ልታዳምጥ ትችላለች፤ በመዝገቡ ግን ሁለቱ በየቋንቋቸው ተለያይተው ስለሚቀመጡ፣ እናትና ልጅ ስለ ሰሙት ነገር በምሳ ላይ የተነጋገሩት ነገር ዱካው ይጠፋል።

ሦስተኛው የቦታው ጕዳይ ነው። በትንሽ ከተማ የፍትሕ ክርክር የሚካሄደው በአዳራሽ ሳይሆን በእድር፣ በቡና ሥነ ሥርዓትና በሽማግሌዎች ሸንጎ ነው። እድር በኤድስ ለሞተው አባል የቀብሩን ወጪ እንደ ሌላው ይክፈል ወይስ አይክፈል፣ ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ በአባቱ ቦታ አባል ይሁን ወይስ አይሁን የሚሉት ጥያቄዎች በዚያ ዘመን በየአካባቢው የተነሡ እውነተኛ የሕግ ጥያቄዎች ናቸው። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በከምባታ ከኤምጂ የተባለው የቦጋለች ገብሬ ድርጅት የሠራበትና ከዚያም ወደ ሌላው አገር የተስፋፋው የማኅበረሰብ ውይይት እነዚህን ጥያቄዎች ወደ አደባባይ ሊያወጣ የሞከረ ዘዴ ነው። ከውይይቱ ግን በብዛት ተጽፎ የቀረው የስምምነቱ ነጥብ ነው፤ ማን ምን ብሎ ተከራከረ፣ ማንስ ተሸነፈ የሚለው አልተጻፈም። የሕዝብ ልማድ ተማሪ ደግሞ የሚፈልገው ክርክሩን ነው።

፮. ተናዛዡ በሕይወት ሲቀር

ከላይ እንደ ተባለው፣ ዋናው ችግር የተነሣው መድኃኒቱ በመጣ ጊዜ ነው። በ2001 ወይም በ2002 ዓ.ም. ሊሞት መሆኑን አምኖ የተናገረ ሰው መድኃኒቱን አግኝቶ በሕይወት ቀርቷል፤ ልጆቹ አድገዋል፣ ምናልባትም ሌላ ከተማ ሄዶ አዲስ ኑሮ መሥርቷል። በካሴቱ ላይ ያለው ቃል ግን እንደ ሟች ቃል ተቀምጧል። በአገሩ ልማድም ሆነ በ1960 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ኑዛዜ የሰጠ ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ኑዛዜውን ሊለውጠው ወይም ሊሽረው መብት አለው። ይህ ደንብ ለንብረት ብቻ ሳይሆን ለድምፅም ሊያገለግል ይገባል። በዚያን ጊዜ ለመናገር የተሰጠው ፈቃድ ለዚያ ሳምንት ፕሮግራም የተሰጠ ነበር፤ ቅጂው ወደ ኮምፒዩተር ተገልብጦ ከቡሬ እስከ ውጭ አገር በማንኛውም ሰው እንዲሰማ የተሰጠ ፈቃድ አልነበረም።

በሌላ በኩል መዘግየትም የራሱ ጕዳት አለው። የካሴት ጥብጣብ ርጥበት ሲያገኘው ድምፁን የያዘው ልባጭ ይበላሻል፤ የኢሉባቦር ከተሞች ደግሞ በኢትዮጵያ ዝናብ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች መካከል ናቸው። በአንድ ማኅበር ቤት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ካሴት እስኪመረመር ብዙ ዓመት አይጠብቅም። ስለዚህ መገልበጡና ለሕዝብ መክፈቱ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው መታወቅ አለበት፤ የመጀመሪያው በፍጥነት፣ ሁለተኛው በጥንቃቄ ሊሠራ ይገባል።

ከዚህም በላይ የሚጠበቀው ሥራ አለ። በሕይወት ያሉት ተናጋሪዎች በተናገሩበት ወይም በሚመርጡት ቋንቋ ቅጂውን መልሰው ሊሰሙ፣ የጸጸቱበትን ሊያዘጉ፣ ያልተጠየቁትን ሊጨምሩ ይገባል። አዲሱ ቅጂ ከአሮጌው ጋር አንድ ቍጥር ተሰጥቶት፣ የጠያቂው ድምፅ ሳይቈረጥ፣ የቦታው ስም ከነክፍለ ሀገሩ ተጽፎ ቢቀመጥ፣ የኋላው ተማሪ በአንድ ሰው አፍ ሁለቱን የንግግር ሥርዓቶች አነጻጽሮ ማጥናት ይችላል። ጥያቄውም «እንዴት ያዘዎት?» ከሚለው ይልቅ «ማን በደለዎት? ለማን አመለከቱ? ምን ፍርድ አገኙ?» ከሚለው ቢነሣ፣ ሃያ ዓመት ያለ ዳኛ የቆየው አቤቱታ ቢያንስ በመዝገብ ላይ ይሰፍራል። ይህን ሥራ በአዲስ አበባ ያሉት ቤተ መዛግብት ብቻቸውን ሊሠሩት አይችሉም፤ በመቱ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች ኦሮምኛውንም አማርኛውንም ይዘው ወደ ጎሬና ወደ ቡሬ እድሮች ቢሄዱ፣ ጠያቂውና ተጠያቂው በአንድ ቋንቋ የሚግባቡበት የመጀመሪያው ቅጂ ከእነርሱ ሊገኝ ይችላል።